ያለ ደረሰኝ የሄደች መንጃ ፈቃድ

ከእንጅባራ የወጣን ዕለት ማለዳ ጭጋጉ ገና ከመሬት አልተነሣም ነበር። እኛ ኮሶበር ከምንላት ከዚያችው ከተማ ዳር የሐጂ ሰይድ የጭነት መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ይንተከተካል፣ ባለቤቴ ይስማው ጋቢና ውስጥ መሪውን ይዞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ደግሞ በአንድ እጄ የበርበሬና የሽሮ ቋጠሮዬን፣ በሌላው የአባቴን እጅ ይዤ መልቀቁ አቃተኝ። አባቴ ሊሸኙኝ ከጥርባ ድረስ በፈረስ መጥተው ነበር። ካፊያው ጋቢያቸው ላይ እንደ ዱቄት ነጥቦ ተቀምጧል።

«ለስንት ጊዜ ነው አላችሁ?» አሉኝ።

«ለአንድ ዓመት፣ አባ።»

«አንድ ዓመት ብለው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ» አሉ።  ፈረሳቸውን አዙረው ወደ መጡበት ሲመለሱ ጀርባቸውን ጭጋጉ ዋጠው፣ እኔም ጋቢና ገባሁ። ይኸው የመጀመሪያው ልጄ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ያቺ አንድ ዓመት ግን ገና አላለቀችም።

ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁት ዘመዶቼና እንደኔ ድንበር ተሻግራችሁ ለምትኖሩት ነው። ስለ እኔ «የዝና ሱዳን ገብታ ከፖሊስ ጋር ተካሰሰች» የሚል ወሬ ዳንግላ ገበያ ደርሷል አሉ፤ «ታስራለች» ያለም አለ። አልታሰርኩም። ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ከሚበላሽ እኔው ከነአመጣጡ ልንገራችሁ።

ሐጂ ሰይድን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ዳንግላ ገበያው አጠገብ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከሱዳን ጨርቅና ሳሙና ያስመጣሉ፣ ወዲያ ደግሞ በርበሬና ኑግ ይልካሉ። ይስማው ከረዳትነት ጀምሮ መንዳት የተማረው በሳቸው መኪና ነው። እዚያ ማዶ ሌላ መኪና ሲገዙ «የማምነው ሰው ይንዳልኝ» ብለው እሱን ላኩት፣ እኔም ባሌን ተከተልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። ረሃብ አላሳደደን፣ ጠብ አላሳደደን፤ መኪና ነው የወሰደን።

ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን አልፈን ወደ መተማ ቁልቁል ስንወርድ ከደጋ ልብሴ አንዱን ሳወልቅ፣ ሌላውን ሳወልቅ፣ ድንበሩ ጋ ስንደርስ የቀረኝ ቀሚሴና ነጠላዬ ብቻ ነበር። ድንበሩ ላይ አንድ የሱዳን ጸሐፊ ጠረጴዛውን ዛፍ ጥላ ሥር አውጥቶ ይመዘግባል። የጃንሆይ ማኅተም ያለበትን የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው የጎንደር ሰው ነው።

«ነገድሽ ምንድን ነው ይልሻል።»

«አገው በለው። ሰባት ቤት አገው።» በሰው አገር የመጀመሪያ ቃሌ ነውና ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት።

አስተርጓሚው ነገረው። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሰባት ቤት ያላት ሴት እዚህ አንዲት ክፍል ልትከራይ ምን አመጣት ይልሻል።»

ሰባቱ ቤት የዘር ቤት ነው እንጂ የሣር ቤት አይደለም ብዬ ባስረዳ ባስረዳ አልገባውም። በመጨረሻ «ሐበሺያ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። ሰባቱንም ቤት በአንድ ቃል አፈረሳቸው።

የገባንባትን ከተማ ስሟን አልጠራም፤ የማወራባቸው ሰዎች ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸውና። ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ብታዩ ተራራ የለም፣ ቀርከሃ የለም፣ ዓይን የሚያርፍበት አጥቶ ሲንከራተት ይውላል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራ ይመስላል፣ ግን ስስ ነው፣ ዓይንም የለውም፤ መጀመሪያ ያነሣሁት ቀን እንደ ወረቀት እጄ ላይ ሲንሿሿ ሳቄ መጣ። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ደግሞ አለ። እኛ አገር ጭጋግ ሲወርድ ሰው እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ እዚህ ሃቡቡ እንደ ቀይ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ባለበት ይቀራል። ሰዉ ግን ደግ ነው። ሰላምታቸው ከኛም ይረዝማል፤ ጤናህን ጠይቀው፣ የልጆችህን ጠይቀው፣ የከብትህን ጠይቀው ሲጨርሱ አንተ ልትነግራቸው የመጣኸውን ረስተኸዋል።

ቤት የሰጡን የሐጂ ሰይድ ወኪል ሐጂ ዑመር ናቸው፣ ሱዳናዊ ሽማግሌ። በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች አንዷ የሹፌር ክፍል ናት። ገብተን በሳምንታችን በርበሬ የወቀጥኩ ዕለት ግቢው በሙሉ አነጠሰ። ሐጂ ዑመር ዓይናቸውን እያበሱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ወጥ ነው።»

«እኔ ደግሞ ጦርነት መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ የምወቅጠው እሳቸው መስጊድ ሲሄዱ ሆነ።

ዐረብኛውን ከሴቶቹ ጋር ውኃ ስቀዳ ለቀምኩት። ቃሉ አይደለም ያስቸገረኝ። ዐረብኛ «አንቱ» የለውም። ሽማግሌውንም፣ ሹሙንም፣ ሕፃኑንም እኩል «አንተ» ነው የሚሉት። ሐጂ ዑመርን «አንተ» ባልኩ ቁጥር አባቴ ከኋላዬ የሰሙኝ እየመሰለኝ አንገቴን እደፋ ነበር። እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር፤ የማታውቋቸው ትኖራላችሁ። አባቴ ነገረ ፈጅ ናቸው። አዘናና ግምጃ ቤት ከሚባሉት አገሮች ሳይቀር ሰው እየመጣ «ቆመው ይሟገቱልኝ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም በአገውኛ የሰሙትን በደል ዳኛ ፊት በአማርኛ አሳምረው ያቆሙታል። ማንበብ ግን አይችሉም። ወንድሜን ፊደል ሲያስቆጥሩት አጠገቡ ተቀምጬ የለመድኩት እኔ ነኝና የፍርድ ወረቀት ሁሉ የሚነበብላቸው በእኔ አፍ ነበር። ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲያድግ እኔ ሙግት እየሰማሁ አደግሁ።

በሁለተኛው ዓመታችን፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይስማው ማሽላ ሊጭን ወደ ገጠር ሲወጣ አብሬው ሄድኩ። ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የከተማዋ መግቢያ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ሻዊሽ ኢድሪስ ይባላል፤ ሻዊሽ የሚሉት እኛ ሃምሳ አለቃ የምንለውን ነው። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ከጫማው እስከ ቆቡ የተስተካከለ ሰው።

መጀመሪያ ሰላምታውን ጨረሰ። ቀጥሎ ሞተሩን አስጠፋ። ሩክሳ አለ፣ መንጃ ፈቃድ ማለቱ ነው፣ ይስማው ሰጠው። የመኪናውን ወረቀት አለ፣ ሰጠው። ፍሬኑን አስረገጠው፣ ክላክሱን አስነፋው፣ ጎማዎቹን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ የጭነቱን ገመድ ጎተት አድርጎ አየ፣ ከላይ የተሳፈሩትን ሰዎች በጣቱ ቆጠረ። በመጨረሻ መብራት አስበራው። ግራው በራ፣ ቀኙ ዝም አለ።

«መኪናህ አንድ ዓይና ነው» አለው።

«ትናንት ይበራ ነበር።»

«ትናንት እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

እውነቱን ልናገር፣ እስከዚህ ድረስ ቅር አላለኝም። ማስቆሙ ሥልጣኑ ነው፣ ወረቀት መጠየቁ ሥልጣኑ ነው፣ ፍሬንና መብራት መፈተሹም ሥልጣኑ ነው። ዳንግላም ብንሆን ትራፊኩ ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ በጨለማ አንድ ዓይና መኪና ሰው ቢገጭ የማንም እናት ናት የምታለቅሰው። ጥፋቱ የኛ ነው። ግን ሻዊሹ መንጃ ፈቃዱን ለሁለት አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

«ሂድ» አለው። «መብራቱን አሠራ። ፍርድ ቤት ስትጠራ ትቀርባለህ።»

«ሩክሳዬን መያዝህን የሚናገር ወረቀትስ?» አለ ይስማው።

«ወረጋ ማፊ።» ወረቀት የለም።

«ሌላ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሻዊሽ ኢድሪስ ዘንድ ነው በለው። የማያውቀኝ የለም።»

ብዙም አልራቅን። ድልድዩ ጋ አንድ ጎረምሳ ፖሊስ አስቆመን።

«ሩክሳ።»

«ሻዊሽ ኢድሪስ ዘንድ ነው።»

«ሻዊሽ ኢድሪስን አውቀዋለሁ» አለ ጎረምሳው ፊቱ እየፈካ፤ «ጥሩ ሰው ነው። አንተ ግን ያለ ሩክሳ እየነዳህ ነው። መኪናውን ወደ ዳር አውጣና ቆልፈው።»

ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። እኛም መኪናውን ድልድዩ ዳር አቁመን በእግራችን ቤታችን ገባን።

ማግስቱን ሐጂ ዑመር መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ነጋዴ ናቸው። ዝናቡ ከጣለ ያ ጥቁር አፈር እንደ ማጥ ይይዛል፣ መኪና አያልፍም፤ ያላለቀ ጭነት በየመንደሩ ተቀምጧል።

«እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ» አሉ። «ከዚያ ሌላ ሹፌር አስገባለሁ። ክፍሏም የሹፌሩ ናት፣ ታውቁታላችሁ።»

ይስማው ዝምተኛ ነው። መኪና ያነጋግራል እንጂ ሰው አያነጋግርም። ያን ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ነበር፣ ሻዊሹ «ቡክራ» አለው፣ ነገ ማለት ነው፣ እሱም «እሺ» ብሎ ተመለሰ። ራቱን እየበላ «ካልሆነ አገራችን እንገባለን» አለኝ።

አልዋሻችሁም፣ ልቤ ብድግ አለች። ጭጋጉ፣ የዘንገና ሐይቅ ውኃ፣ የአባቴ ደጃፍ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ግን እንዴት ሆኜ ነው የምገባው? የነገረ ፈጅ ልጅ፣ ባሏ ወረቀቱን ሳይሟገት ተነጥቆ የተመለሰች ተብዬ?

«እንገባለን» አልኩት። «ግን ሩክሳህን ይዘን ነው የምንገባው። ነገ እኔ እሄዳለሁ።»

ማክሰኞ ሄድኩ። ሻዊሹ ሰላምታውን ሰጠኝ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ፣ ቀትር ሲሆን «ቡክራ» አለኝ። ረቡዕ ሄድኩ። ሰላምታ፣ አግዳሚ፣ ውኃ፣ ቡክራ። እንዲህ ያለ ክብር ያለበት መከልከል አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ሹም ሲከለክልህ ፊቱን ያጠቁራል፣ አንተም ታውቀዋለህ፤ እዚህ ፈገግ እያለ ነው ደጅ የሚያስጠናህ።

ሐሙስ ዕለት ግን ውኃውን ሳልጠጣ ተነሥቼ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩና እንደነሱ በ«ያ» ጠራሁት፣ የመጥሪያ ቃላቸው ነው።

«ያ ሻዊሽ፣ ሩክሳውን መያዝህን አልጠላሁም። መያዝህን የሚናገር ወረቀት ግን ስጠኝ።»

«ነግሬሻለሁ። የሩክሳ ደረሰኝ ካለቀ ቆይቷል። ካርቱም ጠይቀናል።»

«ደረሰኝ ከሌለህ ለምን ትወስዳለህ?»

«መውሰድ በደረሰኝ አይደለም» አለኝ ትዕግሥት እንዳለው መምህር፤ «በእጅ ነው።»

ያኔ እኛ ዘንድ ሕፃን የሚያውቀው ቃል አፌ ላይ መጣ፦ በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች። በዐረብኛ ልለው ተነሣሁ። በቅሎን ባግላ እንደሚሏት አውቃለሁ። ጭብጦን በኪስራ ተካሁት። ፍርድን ምን እንደሚሉት ግን ጠፋኝና በምትኩ «መንግሥት» አልኩ። ባግላዬ ሄደች፣ መንግሥት አለ፣ አላዝንም፤ ኪስራዬ ሄደች፣ መንግሥት የለም፣ አዝናለሁ።

ሻዊሹ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ባግላ ጠፍታብሻለች?»

«አልጠፋችም። ብትሄድ ነው የምልህ።»

«መቼ ሄደች?»

«አልሄደችም፣ ያ ሻዊሽ።»

«ኪስራውን ጭና ነው የሄደችው?»

እኔ ቃል ስፈልግ እሱ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ጥራዝ አወጣ። የጠፋ ከብት ማስታወቂያ ነው፣ ንጹሕ፣ ቁጥር የተመታበት፣ ከሥሩም ሌላ ሁለት ጥራዝ ተደርቧል። ብዕሩን ነክሮ በሚያምር ጽሕፈት መጻፍ ጀመረ፤ እጁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። «አንዲት ባግላ» ብሎ ጻፈ። የኔን ስም ጻፈ።

«ቀለሟ?» አለኝ።

«ባግላ የለኝም አልኩህ።»

ብዕሩ ቆመ። ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ቅደደዋ» አልኩት።

«ቁጥር ያለው ወረቀት አይቀደድም። ይቆጣጠሩኛል።»

«የመንግሥት ወረቀት ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

«ማኅተም ይመታበታል?»

«ይመታበታል።»

«እንግዲያው አትቅደደው። ከባግላዋ ሥር የባሌን ሩክሳ መያዝህን ጻፍልኝ።»

«ይህ እኮ የከብት ወረቀት ነው» አለኝ፣ እውነትም ግራ ገብቶት።

ከኋላ ካለው ክፍል የጣቢያው መኮንን ብቅ አሉ። ገና ወጣት ናቸው፤ «ጀናባክ» ይሏቸዋል፣ እንደ ክቡርነትዎ ያለ ነው። ከግድግዳው ኋላ ሁሉንም ሲሰሙ ነበር መሰለኝ። ወረቀቱን አንሥተው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። በቅሎዋንና ጭብጦውን ደገምኩላቸው። መንግሥት የምለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ሑክም» አሉኝ። «የምትፈልጊው ቃል ሑክም ነው። ፍርድ።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውርደው አቧራውን እፍ አሉት፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ቦታ ላይ በጣታቸው ቆሙ።

«ሕጉ» አሉ ለሻዊሹ፣ «ፖሊስ የነጂን ሩክሳ ከያዘ መያዙን በጽሑፍ ይሰጣል ይላል። ነጂውም እስከ ፍርዱ ቀን በዚያ ጽሑፍ ይነዳል። በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ አይልም። ጻፍላት።»

ሻዊሹ ጻፈ። ከላይ በጉልህ «የጠፋ ከብት ማስታወቂያ» ይላል፣ ቀጥሎ «አንዲት ባግላ» ተብሎ ተሰርዟል፣ ከሥሩ የይስማው ስም፣ የሩክሳው ቁጥር፣ የቀኝ መብራቱ ጥፋትና የፍርዱ ቀን። መኮንኑ ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተመታ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው ስወጣ ፀሐዩ እንኳ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ።

ያንኑ ቀን መብራቱ ተሠራ፣ መኪናው ከድልድዩ ዳር ተነሣ፤ ቅዳሜ ሐጂ ዑመር ሲመጡ ይስማው ሁለተኛ ጭነቱን እያራገፈ አገኙት። ወረቀቱን አይተው ጺማቸውን አሹት።

መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ፖሊሶች ግን ብዙ አሉ። ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ የላይኛውን መስመር ያነባሉ፣ ወደ ጋቢናው ውስጥ ያያሉ፣ ወደ ጭነቱ ያያሉ።

«ባግላዋ የት አለች?»

ያ ዝምተኛ ባሌ ከስንት አንድ ቀን አፉን ፈታ። «ሻዊሽ ኢድሪስ ኪስ ውስጥ ናት» አላቸው። ይቺ ቃል ከሱ ቀድማ ከተማ ለከተማ ዞረች። ሹፌሮች ሲተላለፉ ክላክስ እየነፉ «ባግላዋ ተገኘች ወይ?» ይሉት ጀመር።

የፍርዱ ቀን አብሬው ሄድኩ። ዳኛው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው። አዳራሹ በሹፌር ሞልቷል፤ ወሬውን ሰምቶ ጉዳይ የሌለውም መጥቷል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ።

«የባግላዋ ባለቤት ማን ናት?» አሉ።

ተነሣሁ።  አባቴ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ነጠላቸውን እንዴት እንደሚያጣፉ አውቃለሁና እንደዚያው አጣፋሁ። ነገሩን ከመብራቱ ጀምሬ ተናገርኩ። ጥፋታችንን አልካድኩም፤ ሻዊሹ ማስቆሙን፣ መፈተሹን፣ መክሰሱን አልነቀፍኩም። «ሩክሳ የመንግሥት ነው» አልኩ፣ «መንግሥት ሊይዘው ይችላል። የሻዊሹ ኪስ ግን የመንግሥት መዝገብ አይደለም።»

«ስለ በቅሎ የተናገርሽውን በራስሽ ቋንቋ በዪልኝ፣ ድምፁን ልስማው» አሉኝ ዳኛው።

በአማርኛ ተናገርኩት። በዚያ አዳራሽ አማርኛ ከዚያ በፊት ተሰምቶ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ቀጥዬ በዐረብኛ አልኩት፣ ያሁኑን ሑክም በሚለው ቃል። 

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አባባል አላውቅም» አሉ ዳኛው። «ሊኖረን ይገባ ነበር።»

በመብራቱ ቀጡን፣ ከፈልን። ሩክሳው ከሻዊሹ ኪስ ወጥቶ በዳኛው እጅ ለይስማው ተሰጠው። ደረሰኝ ታትሞ እስኪመጣም ድረስ ማንም ፖሊስ ሩክሳ እንዳይዝ፣ ስምና ቁጥር ብቻ መዝግቦ ነጂውን እንዲለቅ ለመኮንኑ አዘዙ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ፣ ዳኛው ዝም አሰኟቸው። ከአዳራሹ ስወጣ ድንበር ላይ የፈረሱት ሰባቱ ቤቶቼ ተመልሰው ቆሙ።

ሻዊሽ ኢድሪስ ቂም ይይዝብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያው ልጄ የተወለደ ጊዜ ስኳር ይዞ መጣ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጫወተኝ። «እኔ ዕድሜዬን በግመል ተቀምጬ በረሃ የምጠብቅ ፖሊስ ነበርኩ» አለኝ። «በቃሌ የማውቀው የጠፋ ከብት ወረቀት ብቻ ነው። የሩክሳውን ደረሰኝ አሞላል ማንም አላሳየኝም። ያለቀ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።» እኔ ያን ቀን የሚያምር ጽሕፈቱ ለምን በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ እንደማይደናቀፍ ገባኝ፣ ከልቤም አዘንኩለት። ዛሬ ደረሰኙን ከሁሉም አጥርቶ የሚጽፈው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከአገር የሚመጣ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኔን ቤት ነው። አዲስ ለምትመጡትም እዚሁ ልንገራችሁ። ፖሊስ ሲያስቆምህ ቁም፣ ሞተርህን አጥፋ፣ ሰላምታውን ሙሉውን መልስ፣ አታሳጥርበት። የጠየቀህን ወረቀት ስጥ። ጥፋት ካለብህ አለብኝ በል። ወረቀትህን ከያዘ ደረሰኝ በል፣ ድምፅህን ሳታነሣ፣ ሳትለምንም። ሴቶቹ «ሲት አልባግላ» ይሉኛል፣ የባግላዋ እመቤት። ልጄ ትምህርት ቤት ይስቁበታል መሰለኝ አይወደውም። እኔ ግን ስጠራበት ቀና ብዬ ነው የምመልሰው።

ባለፈው ዓመት ለሕክምና ካርቱም ሄጄ ሳለ ስልክ ቤት ገባሁ። አስቀድሜ ጽፌ ቀኑን ቀጥሬ ስለነበር አባቴ ከጥርባ ዳንግላ ድረስ ወርደው፣ ከስልኩ ቤት አግዳሚ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጠው ጠብቀውኛል። መስመሩ በአዲስ አበባ ዞሮ ሲገናኝ ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ። ሽቦው ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያለባቸው መስሏቸው በአገውኛ ይጮሃሉ።

«የዝና፣ አንቺው ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ደኅና ነዎት?»

ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፣ ስለ ይስማው ጠየቁኝ። እኔ ግን ደቂቃው እንዳያልቅብኝ እየፈራሁ የሙግቱን ነገር ትንፋሽ ሳልወስድ ተረክሁላቸው፤ ሻዊሹን፣ ወረቀቱን፣ ዳኛው ያሉትን። ነገረ ፈጅ ናቸውና አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ዋስ ማን ጠራሽ?»

እኛ አገር ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ይጠራል። ከተሰበሰበው መሃል ወንድም ይሁን አጎት፣ ቢጠፋ ያገር ሰው፣ «እኔ አለሁለት» ብሎ ብድግ ይላል። ዋስ ሆኖት የሚነሣለት ያጣ ሰው፣ ሰው የለውም ማለት ነው።

«ዋስ አልጠየቁኝም፣ አባ። ቢጠይቁኝም የምጠራው ሰው አልነበረኝም።»

 ሽቦው ውስጥ ነፋስ የመሰለ ነገር ያፏጫል። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ሳይጮሁ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያለ ዋስ ቆምሽ» አሉ።

ልመልስላቸው ስል ሠራተኛዋ ጊዜው አልቋል አለች፣ መስመሩም ተቆረጠ። መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። ኮርተውብኝ ይሁን አዝነውልኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ድምፃቸውን ሳስበው አንዳንድ ቀን ኩራት ሆኖ ይሰማኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለቅሶ።